ለጥላሁን ያለቀሰው ሕዝብና እኛ

ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት ነበር። አገር አለቀሰ፤ ቀብሩም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በመንግሥት ደረጃ ተፈጸመ። በእኛ መካከል ግን "ለዘፋኝ ይህን ያህል ለቅሶ ጣዖት አምልኮ ነው" ሲባል እስከ ዛሬ እሰማለሁ። የትንሣኤን ስብከት ይዘን ለቅሶ መድረስ ሲገባን፣ ዳር ቆመን ፈረድን።

አንባቢ 2ኛ ሳሙኤል 1ን ይመልከቱ። ዳዊት ሊገድለው ሲያሳድደው ለኖረው ለሳኦል ሙሾ አወጣ፤ የይሁዳም ልጆች እንዲማሩት አደረገ። በሙሾው የሳኦል ኃጢአት አንድ ጊዜ እንኳ አይነሣም። በአደባባይ ማልቀስ በራሱ ጣዖት አምልኮ ከሆነ ይህን ምዕራፍ ምን ልናደርገው ነው?

ጣዖቱን ከፈለግን በልስጥራን (ሐዋ. 14) እናገኘዋለን። ሕዝቡ ኮርማ ሊሠዋ የመጣው ለሙታን ሳይሆን በፊቱ ለቆሙት ለጳውሎስና ለበርናባስ ነው። እነርሱም ልብሳቸውን ቀደዱ። እኛ የአገልጋዩ ፎቶ በፖስተሩ ላይ ካልጎላ ወደ ኮንፈረንሱ አንሄድም፤ በዚህ አዝኖ ልብሱን የቀደደ አገልጋይም እስካሁን አላየሁም።

ለዓመታት በራችንን የከፈቱልን የጸሎት ቤታችን ጥበቃ ሲያርፉ፣ ከእድርተኞቻቸው ሌላ ቀብር የተገኘነው አሥር አንሞላም ነበር።