«የአካል ጉዳት»፤ አንድ ሐረግ፣ ሦስት ነገር
በእግር ጉዳት የካሣ ወረቀቶች ቋንቋ ላይ የቀረበ ሂስ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በተሽከርካሪ አደጋ ወይም በሥራ ላይ እግሩ የተጎዳ ሰው ካሣ ሲጠይቅ በየደረጃው የሚጻፉትን ወረቀቶች ቋንቋ ነው። ወረቀቶቹ ብዙ ናቸው፤ የትራፊክ ፖሊስ መዝገብ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የሕክምና ቦርድ ውሳኔ፣ ክስ፣ መልስ፣ ፍርድ። በሁሉም ውስጥ ተደጋግሞ የሚገኘው «የአካል ጉዳት» የሚለው ሐረግ ነው። ሐረጉ አንድ ቢሆንም በየወረቀቱ የተሸከመው ትርጉም ይለያያል፤ ልዩነቱም ለተጎጂው የሚደርሰውን ገንዘብ እስከ መለወጥ ይደርሳል።

ነገሩ እንዲታይ አንድ ምሳሌ እናቁም። ምሳሌው እኛ ያበጀነው ነው፤ ሁኔታው ግን ለጋሞ ዞን ሰው እንግዳ አይሆንም። አንድ የዶርዜ ሸማኔ ሸማውን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ላይ ሸጦ ወደ ደጋው ሲመለስ፣ ወደ ጨንቻ በሚያወጣው መንገድ ዳር የጭነት መኪና ይገጨዋል እንበል። የተጎዳው ግራ እግሩ ነው፤ ከቁርጭምጭሚቱ በታች አጥንቶቹ ተሰብረዋል፣ ሁለት ጣቶቹም ተቀጥቅጠዋል። በዕለቱ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር አልታየምና የትራፊክ ፖሊስ መዝገብ «ቀላል የአካል ጉዳት» ይላል። የሐኪሙ ማስረጃ «የግራ እግር ስብራት» ይላል። ወራት አልፈው አጥንቱ ከገጠመ በኋላ የሕክምና ቦርድ «ዘላቂ የአካል ጉዳት» ብሎ በመቶኛ የተሰላ ቁጥር ይሰጣል። የሸማኔው ጠበቃ በክሱ «ከባድ የአካል ጉዳት» ሲል፣ የተከሳሹ ጠበቃ የፖሊሱን ወረቀት አንሥቶ «ቀላል ነው ተብሎ ተመዝግቧል» ሲል ይመልሳል። ከእነዚህ ጸሐፊዎች መካከል የዋሸ የለም። እያንዳንዱ የተናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ የተናገረበት ሐረግ ግን አንድ ነው።

ሐረጉን እንፍታው። በመጀመሪያ «የአካል ጉዳት» ማለት አደጋው በዕለቱ በሰውነት ላይ ያደረሰው ቍስል፣ ስብራት ወይም ውልቃት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ555ኛውና በ556ኛው አንቀጽ ከባዱን ከቀላሉ ሲለይ ያተኮረው በዚህ ላይ ነው፤ «ከባድ» እና «ቀላል» የሚሉት ቅጽሎችም በመጀመሪያ የወንጀለኛን ቅጣት ለመመጠን የታሰቡ እንጂ የተጎጂን ኪሣራ ለመለካት የታሰቡ አይደሉም። ሁለተኛው ትርጉም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የያዘው ነው። በዚያ አዋጅ የአካል ጉዳት የመሥራት ችሎታን የሚቀንስ ወይም የሚያሳጣ ነገር ነው፤ ጊዜያዊ፣ ዘላቂ ከፊል እና ዘላቂ ሙሉ ተብሎም ይከፈላል። ሦስተኛው በማኅበራዊ ኑሮ የሰፈነው ነው። ቁጥር 568/2000 የሆነው ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ «አካል ጉዳተኛ» ሲል በአደጋ የተጎዳውን ብቻ ሳይሆን እንዲያው የተወለደውንም ይጨምራል። እንግዲህ የዕለት ቍስል፣ የሥራ ችሎታ መቀነስና የዘለቄታ የኑሮ ሁኔታ በአንድ ሐረግ ታጭቀዋል።

ሦስቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። የጭን አጥንቱ የተሰበረ ሰው በዕለቱ እጅግ ከባድ ጉዳት ደርሶበት በዓመቱ ደኅና ሊራመድ ይችላል። አውራ ጣቱን ያጣ ሰው በዕለቱ ቀላል ተብሎ የዕድሜ ልክ ሥራውን ሊያጣ ይችላል። የዶርዜን ሸማኔ የመረጥነውም ስለዚሁ ነው። ሸማኔ የሚሠራው በእጁ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ በሚያልፍበት ጊዜ ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ የወረዱት እግሮቹ መርገጫዎቹን በየተራ እየረገጡ ድሩን ይከፍታሉ። ከቁርጭምጭሚት በታች የደነዘዘ እግር ለጸሐፊ የሚያስቸግረው ደረጃ ሲወጣ ነው፤ ለሸማኔ ግን የሥራው እኩሌታ ነው። በመቶኛ የተሰላው ቁጥር የእግሩን ጉድለት ብቻ ለክቶ እንደ ሆነ፣ ወይስ የሸማኔነቱን ጉድለት ጭምር፣ ከወረቀቱ አይታወቅም። ቃሉ አይነግረንምና።

የመቶኛው ትርጉም መታወቅ ያለበት የሚከፍለው ሕግ በየፈርጁ ስለሚለያይ ነው። ይኸው ሰው ተቀጣሪ ሆኖ በሥራ ላይ ቢጎዳ፣ አዋጁ ለጊዜያዊው ጉዳት ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰውን፣ ለተከታዮቹ 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰውን እንዲያገኝ ይደነግጋል፤ ዘላቂ ከፊሉም በመቶኛው ልክ ይሰላል። የራሱ ሥራ ያለው ሸማኔ ግን ደመወዝ የለውም፤ አሠሪም የለውም። መንገዱ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚያ ሕግ 2081ኛው አንቀጽ የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ በ2091ኛው ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ በ2092ኛው ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠው ጉዳትም ከወዲሁ ይካሳል። ልኩን በትክክል ማስረዳት ካልተቻለ 2102ኛው አንቀጽ ለዳኛው የርትዕ ግምት ይተዋል። የኅሊና ጉዳት ካሣ ግን በ2116ኛው አንቀጽ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር የተጻፈው፤ ብሩ ያኔ የነበረውን ዋጋ አንባቢ ራሱ ያስበው።

ከዚህ ላይ ለአማርኛ አንድ ምስጋና ይገባዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ረቂቅ ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ አዘጋጅተውታል፤ ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎች የተቀበሉትን ጫና መገመት አያዳግትም። በእንግሊዝኛ ጉዳቱም የጉዳቱ ዋጋም በአንድ ቃል ይጠራል፤ የሚለያቸው የመጨረሻዋ የብዙ ቍጥር ፊደል ብቻ ናት። አማርኛ ግን ከሁለት ሥር የተገኙ ሁለት ቃላት አሉት፤ «ጎዳ» «ጉዳት»ን፣ «ካሰ» «ካሣ»ን ወልደዋል። «ካሣ» የሰው ስም መሆኑም ትርጉሙን ያስረዳል፤ ወንድም ወይም ዘመድ ከሞተ በኋላ ለተወለደ ልጅ የሚሰጥ ስም ነው፤ የዐፄ ቴዎድሮስም የልጅነት ስም ይኸው ነበር። ተርጓሚዎቹ ይህን የቆየ ሀብት አግኝተው በደንብ ተጠቅመውበታል። ሀብቱ እያለ «ጉዳት» ብቻውን ሦስት ሸክም እንዲሸከም መተዉ ነው የሚያስገርመው።

ሁለተኛው ሂሳችን «እግር» በሚለው ቃል አጠቃቀም ላይ ነው። አማርኛ ከታፋ እስከ ጣት ያለውን ሁሉ «እግር» ይለዋል። እንግሊዝኛ «ሌግ»ን ከ«ፉት»፣ ፈረንሳይኛ «ዣምብ»ን ከ«ፒዬ» ይለያል። ሩስኛ ግን «ኖጋ» ብሎ እንደ እኛ ይጠቀልላል፤ ስለዚህ ጠባዩ የቋንቋ ድህነት ምልክት አይደለም። የመኪና ጎማም በእኛ ዘንድ እግር ነው፤ ባጃጅ «ባለ ሦስት እግር» ይባላልና፣ «ባለ ሦስት እግሩ እግሩን ሰበረው» የሚል የምስክር ቃል ቢገኝ አያስደንቅም። ችግሩ የሚመጣው «የግራ እግር ስብራት» በማስረጃነት ሲቀርብ ነው። ጭን ነው? አገዳ ነው? ወይስ ከቁርጭምጭሚት በታች? መልሱ ለሐኪሙ ከራጁ ፊልም ላይ ይነበባል፤ ለዳኛው ግን የሚደርሰው ወረቀቱ ነው።

ቃላቱ ግን አሉን። ታፋ፣ ጭን፣ ጉልበት፣ የጉልበት ሎሚ፣ ቋንጃ፣ ባት፣ አገዳ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ተረከዝ፣ ውስጥ እግር። የጉዳቱንም ዓይነት ወጌሻው ሲለይ የኖረው ነው፤ ወለምታ ሌላ፣ ውልቃት ሌላ፣ ስብራት ሌላ። በእኛ አስተያየት መዝገበ ቃላት ሠሪ በዚህ ረገድ ከወጌሻ ብዙ ይማራል፤ እንዴት እንደሚያስር ግን ከሐኪም ይጠይቅ፤ የጠበቀ እሥር ደም አግዶ እግር ያስቆረጠበት ጊዜ አለና።

የጎደለን አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ከቁርጭምጭሚት በታች ላለው ክፍል ስም። «የእግር መዳፍ» ማለት አይስማማንም፤ መዳፍ የእጅ ውስጠኛው ገጽ ነውና፣ «የእግር መዳፍ» ቢባል ውስጥ እግርን ብቻ ያመለክታል። «ጫማ» ጥንት ይህን ትርጉም ይዞ ነበር፤ ዛሬ ግን የሚያስታውሰን የሚገዛውን ጫማ ነው። «የግራ ጫማው ተቀደደ» ተብሎ ቢጻፍ ካሣው ምን ሊሆን ነው? አዲስ ቃል ከመፍጠር ይልቅ «እግር፣ ከቁርጭምጭሚት በታች» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ሦስት ቃል ነው፤ ግን ማንም አይስተውም።

ቃል በቢሮ መፍጠርን የምንጠራጠረው በከንቱ አይደለም። ወላይትኛ፣ ጋሞኛ፣ ጎፍኛና ዳውሮኛ ተቀላቅለው «ወጋጎዳ» የሚል የትምህርት ቋንቋ ሲወጣላቸው፣ በ1992 ዓ.ም. በሶዶ የተነሣው ተቃውሞ መጻሕፍቱን ከትምህርት ቤት አስወጥቷቸዋል። ስለዚህ ለሦስቱ ነገሮችም የምናቀርበው በሰው አፍ ያለውን ነው። «ጉዳት» ለዕለቱ ቍስልና ስብራት ይቆይ። ከዳነ በኋላ በእግሩ የቀረው ነገር «ቀሪ ጉድለት» ይባል፤ ለምሳሌ «የቁርጭምጭሚት አለመታጠፍ» ተብሎ ከነስሙ ይጻፍ። ጉድለት የሚባለው ግን የመገጣጠሚያው ሥራ እንጂ ሰውዬው አይደለም፤ «አካለ ጎደሎ» የሚለው አጠራር በባለቤቶቹ ዘንድ የተጠላ ነውና እንዳይመለስ ጥንቃቄ ያሻል። ሦስተኛው በአዋጁ ፍቺ ውስጥ ያለው «የመሥራት ችሎታ መቀነስ» ነው፤ ሐረጉ ረዝሟል ተብሎ አይቆረጥ። መቶኛው የቀሪው ጉድለት ወይስ የመሥራት ችሎታው እንደ ሆነ ቦርዱ በአንድ መስመር ይግለጽ።

ይህ ሁሉ የቃል ጨዋታ የሚመስለው ሰው ቢኖር «ይርጋ»ን ያስታውስ። በ2143ኛው አንቀጽ ተጎጂው ክሱን ማቅረብ ያለበት ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ ነገሩ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ካልሆነ በቀር። «ቀላል የአካል ጉዳት» የሚል ወረቀት የተሰጠው ገበሬ ወይም ሸማኔ ቀላሉ እስኪድን ይጠብቃል። እግሩ እንደማይመለስ የሚያውቀው ሁለተኛው ዓመት ሲጋመስ ሊሆን ይችላል።

«ካሣ»ም በበኩሉ ወጥመድ አለው። በጋሞ ጠብና በደል ወደ ዱቡሻ፣ ማለት ሽማግሌዎች ወደሚቀመጡበት የጉባኤ ስፍራ ይቀርባል፤ የሚፈለገውም ከሁሉ በፊት ዕርቅ ነው። የሹፌሩ ቤተ ሰብ በዕርቁ ላይ ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ ቢያዋጣ ገንዘቡ ምን ይባላል? ባለጉዳዩ በጋሞኛ የተናገረውን አስተርጓሚው «ካሣ ተቀብያለሁ» ብሎ በአማርኛ ቢጽፍና ተጎጂው ቢፈርም፣ ወረቀቱ ነገሩን በስምምነት እንደ ጨረሰ ሊቆጠርበት ይችላል፤ በ3312ኛው አንቀጽ ደግሞ እንዲህ ያለ ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይጸናል። የተሰጠው ለመታከሚያ ከሆነ «የሕክምና ርዳታ»፣ ለዕርቅ ከሆነ «የዕርቅ ገንዘብ» ተብሎ መጻፍ ይገባዋል። «ካሣ» ለሙሉው ሒሳብ ይቀመጥ።

«ሦስተኛ ወገን» የሚለውንም ሳንነካው አናልፍም። በ2005 ዓ.ም. በወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ስም ውስጥ የገባው ይህ ሐረግ ከባዕድ ቃል በቃል የተመለሰ ነው። አንደኛው ወገን ባለ መኪናው፣ ሁለተኛው መድን ሰጪው መሆኑን ጠበቃ ያውቃል። በአማርኛ ግን ወገን ዘመድ ነው፣ ጎራም ነው፤ መንገድ ዳር የተገጨው ሰው በገዛ እግሩ ነገር ሦስተኛ የሆነበትን ምክንያት ማንም ሳያስረዳው አይገባውም። ሐረጉ በሕግ ስለ ጸና ለመለወጥ አንጠይቅም። ለባለጉዳዮች በሚታደለው ማስረዳትና በአስተርጓሚው አፍ ግን «በመኪናው የተጎዳ ሰው» ቢባል ይበቃል፤ ወደ ጋሞኛ ሲመለስም መተርጐም ያለበት ይኸኛው እንጂ ቍጥሩ አይደለም።