በጨዋታ የሚሠራ ቤትና የድንጋይ ክብደት



ዛሬ የሕንፃ ንድፍ ከሚማሩ ወጣቶች አንዳንዶቹ ልዩ መነጽር ዓይናቸው ላይ አስረው፣ ገና ባልተሠራ ቤት ውስጥ እየተዘዋወሩ ግንባታን በጨዋታ መልክ ይማራሉ። ይህ በኮምፒውተር የተፈጠረ ዓለም «ቨርቹዋል ሪያሊቲ» ይባላል። ሙያው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የቤተ እስራኤል አባቶች በጎንደር ነገሥታት ዘመን የታወቁ ግንበኞችና አናጢዎች ነበሩ። ስለዚህ አዲሱን ትምህርት መመዘን ይገባናል።

ጥቅሙን አንክድም። ተማሪው በወረቀት ላይ የማይታየውን የጣሪያውን ዝቅታና የደረጃውን ጥበት በመነጽሩ ወዲያው ያያል። ዕብራይስጥ ገና ያልጠናለት ልጅም በቃል ያልገለጸውን ሠርቶ ያሳያል። በእስራኤል የግንባታ ሠራተኞችን ከሚገድሉ አደጋዎች ዋነኛው ከከፍታ መውደቅ ነው፤ ጥንቃቄውን ሳይጎዱ መለማመድ ትልቅ ነገር ነው።

ጉድለቱ ክብደት ላይ ነው። ልጆቻችን የሚወዱትን ማይንክራፍት የተባለ ጨዋታ እንመልከት። ከድንጋዩ ሥር ያለውን ደጋፊ ብታነሱ፣ ድንጋዩ አየር ላይ እንደ ቆመ ይቀራል፤ የሚወድቁት እንደ አሸዋና ጠጠር ያሉ ጥቂቶች ናቸው። የተሻሉት ፕሮግራሞች ክብደትን ያሰላሉ፤ የተማሪው ትከሻ ግን አይሰማውም።

በኢየሩሳሌም ቀን በሱዳን መንገድ ያለቁ ወገኖቻችንን ለማሰብ ሄርዝል ተራራ ስትወጡ፣ እዚያው ያለውን፣ በ2017 የተከፈተውን የብሔራዊ መታሰቢያ አዳራሽም እዩ። የነደፈው ኪመል እሽኮሎት የተባለ የአርክቴክቶች ቢሮ ነው። ጡቦቹ እንደ ማዕበል እየታጠፉ ወደ ሰማይ ይከፈታሉ፤ እንዲህ ያለ ቅርጽ ያለ ኮምፒውተር ማስላት እጅግ ይከብዳል። በግድግዳው ላይ ግን የወደቁ ሰዎች ስም በየአንዳንዱ የተጻፈባቸው ከ23,000 በላይ ጡቦች አሉ፤ እነዚያን በየቦታቸው ያኖሩ ሠራተኞች ናቸው። ለእነርሱ እንደ ጨዋታው «እንደገና ጀምር» የሚል ቁልፍ አልነበራቸውም።

በአገራችንም የቤት ጭቃ ከጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ይቦካል፤ በደንብ ካልቦካ ምርጉ ይሰነጠቃል። መድረሱን የሚያውቀው የረጋጩ እግር ነው። ይህን የሚያስተምር መነጽር እስካሁን አላየንም።

እንግዲህ ልጃችሁን ለማስመዝገብ ስትሄዱ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ተማሪው በዓመት ስንት ቀን እውነተኛ የግንባታ ቦታ ላይ ይውላል? መልሱ «አንድም ቀን» ከሆነ፣ ልጃችሁ ቤት ማየትን ይማራል፤ መሥራትን ግን ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።