ባቡር ሲገባ

የድሬዳዋው ሰፈር ከዚራ ውስጥ መንገድ ይጠፋኛል ብሎ የሚሰጋ እንግዳ የለም። ጎዳናዎቹን የቀየሱት የምድር ባቡሩ መሐንዲሶች ናቸውና ቀጥ ያሉ፣ ዳርና ዳር በዛፍ የተጠለሉ ናቸው፤ ዋናውን ይዞ የሄደ ሰው መጨረሻው የባቡር ጣቢያው ደጅ ነው። የጣቢያው ፊት ላይ የኩባንያው ስም ዛሬም በፈረንሳይኛ ይነበባል። ከደጁ ወዲህ ባጃጁ ይተራመሳል። ከደጁ ወዲያ ግን ጸጥ ያለ ነው። ሐዲዱን አቧራና ቁጥቋጦ ተከፋፍለውታል።

ለባቡር የማለቅስ እንዳይመስልብኝ አስቀድሜ ልናገር። ባቡርማ አለ። መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ከአሮጌው ይፈጥናል፣ ከአሮጌውም አብልጦ ይጭናል። ጣቢያው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። እኔ የማነሣው የሰዓቱን ነገር ነው፤ ባቡር ገባ ሲባል ድሬዳዋ ሁሉ ወደ አንድ ደጅ ይወጣበት የነበረውን ሰዓት።

ዐፄ ምኒልክ የሐዲዱን ፈቃድ ለስዊዙ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲጀመር የታሰበው ሐረር መድረስ ነበር። ተራራው ገንዘብ የሚበላ ሆነና ኩባንያው ሐዲዱን ከተራራው ሥር በሜዳው አሳለፈው። ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚያ ሜዳ ሲደርስ፣ ለሚቆረቆረው ከተማ «አዲስ ሐረር» የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር፤ ሕዝቡ ግን ድሬዳዋ ብሎ ጸና። ከዚያ ኩባንያው በዕዳ ተዘፈቀ፣ ሌላ ተተካ፣ አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጀ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ድሬዳዋ የመስመሩ ጫፍ ነበረች። ጫፍ መሆን ለአንድ ከተማ ትልቅ ሲሳይ ነው፤ ሁሉም እዚያ ይወርዳላ! ግሪኩም፣ አርመኑም፣ የመኒውም፣ ህንዱም ወርዶ ሱቅ ከፈተ።

መስመሩ ካለቀ በኋላም ቢሆን ባቡሩ መጀመሪያ ሰሞን በጨለማ አይሄድም ነበር። 784ቱን ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ሦስት ቀን ያስፈልግ ስለነበር መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። ለእኔ የከዚራ ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ማደር ግድ ከሆነ አልጋ ያሻል፣ እራት ያሻል፣ ከእራት በኋላም ቀዝቀዝ ሲል ወጣ ብሎ የሚንሸራሸሩበት ጥላ ያሻል። ድሬዳዎች ያንን ማታ ማታ መውጣት የተማሩት ከእንግዳ ጋር ነው ብል አላጋነንኩም።

ባቡሩ ሲገባ ደግሞ ሌላ ትዕይንት ነበር። ፉጨቱ ከሩቅ ሲሰማ ጋሪው ይሰለፋል፣ ተሸካሚው ይራወጣል፣ ዘመድ ተቀባዩ አንገቱን ያሰግጋል። ፊናንሱም፣ የጉምሩክ ዘቡ፣ ከበሩ አጠገብ ቦታውን ይይዛል፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ሸቀጥ ሁሉ ቀረጥ የከፈለ አይደለምና። ሲነሡ ቀጭን የነበሩ ነጋዴ ሴቶች ድሬዳዋ ሲደርሱ ወፍረው ይወርዳሉ፤ ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደርበው። ፊናንሱ ያውቃል፣ እነሱም እንደሚያውቅ ያውቃሉ። ኮንትሮባንድን ማወደሴ አይደለም፤ የከተማው ግማሽ ጓዳ ግን በዚያ ድርብርብ ቀሚስ ይሞላ እንደነበር መደበቅም ውሸት ነው።

ከጣቢያው ጀርባ የጥገና ግቢው አለ። እዚያ ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ የተሠራ መሣሪያ፣ የፈረንሳይ ፋብሪካ ስም የተቀረጸበት፣ ከጣሪያው በወረደ ቀበቶ የሚዞር የብረት መቅረጫ ማሽን ታያላችሁ። መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ የሚጠብቅ አልነበረም፤ ብሎኑም፣ ቡሺንጉም እዚያው ይቀረጽ ነበር። የሸመንደፈር፣ ማለት የምድር ባቡሩ፣ ሠራተኛ ፈረንሳይኛውን ከአለቃው፣ ሙያውን ከአባቱ ይማር ነበር። ድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅም ሲሚንቶም ነበራት፤ ነገር ግን ለብዙው ሰው የሙያ ትምህርት ቤቱ ይህ ግቢ ነበር።

በዚህ ሐዲድ ላይ ሐዘንም ተጭኗል። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት የሄዱት በእሱ ነው። በ1969 የሶማሊያ ጦር ሲመጣ ድልድዮቹ ተሰባበሩ። ጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ባቡሩ ግን ከእነዚህ ሁሉ በኋላ እንደገና ሄዷል። የጣለው ሌላ ነው። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአገሪቱ ዕቃ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ባቡሩ ዘመኑን ሙሉ የጠበቀው ቀን ነበር። ሐዲዱ አርጅቶ፣ ሞተሩ ደክሞ ቀኑን ሊጠቀምበት አልቻለም፣ ጭነቱን ከባድ መኪና ወሰደው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው ጥገናም ከዳር አልደረሰም። ወደ 2000 ዓ.ም. ግድም ከአዲስ አበባ የሚመጣው ቆመ፤ ወደ ጅቡቲ በኩል ያለው ደግሞ እየተቆራረጠ ከረመ። ቀብሩ ቀን ስላልተቆረጠለት ለቅሶም አልተቀመጡለትም።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 1998 ዓ.ም.፣ የከተማው ወንዝ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ያን ሐዘን የቆጠረ ከተማ ለባቡር ዕንባ ቢያጥረው አይፈረድበትም።

አሁን ድሬዳዋ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ነፃ የንግድ ቀጠና የሆነ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። እንጀራ ነው፣ ይብዛ። ግን በአጥር የተከበበ ነው፤ ሥራ የሌለው ሰው ዝም ብሎ ሊቆምበት የሚሄድበት ቦታ አይደለም። አሮጌው ጣቢያ ግን ተሳፋሪ ያልሆነውም የሚሄድበት ደጅ ነበር። መሐል ከተማን በአስፋልትና በመብራት ማሳመር ይቻላል፤ ሰው በአንድ ሰዓት የሚወጣበትን ምክንያት ግን ማዘጋጃ ቤት ጨረታ አውጥቶ አያሠራውም። ቢያንስ ያ ግቢ ታሽጎ ዝገት ባይበላው፣ ማታ ማታ እንኳ በሩ ቢከፈት፣ ሰዉ መንገዱን ያውቀዋል።

ድሬዳዋ የምትሄዱ ከሆነ ከከዚራ ወደ አሮጌው ጣቢያ ወርዳችሁ ጠባቂውን አስፈቅዱና ግቡ። የሸመንደፈር ጡረተኛ ካገኛችሁ ስለ ማሽኖቹ ጠይቁት፤ ስልካችሁን አውጥታችሁም ድምፁን ቅዱት።