ሳይበጠስ የሚፈታ ብሎን

ሚሌ ላይ ከሚቆሙት ከባድ መኪኖች ጨው ያልነካው ጥቂት ነው። ገሚሱ የጅቡቲን የባሕር አየር ጠጥቶ በጋላፊ የገባ ነው፤ ገሚሱ ደግሞ ከአፍዴራ ጨዉን ራሱን ጭኖ በሰርዶና በሎጊያ አድርጎ ይመጣል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ ጨው ሲቋረጥ፣ የአገሪቱ ወጥ በአፍዴራ ጨው መጣፈጥ ጀመረ። ብናኙ ከጆንያው እየሾለከ ባሌስትራና ቸርኬ ላይ ይቀመጣል። ጨው እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት ብረት ያዝጋል፣ ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት ከእጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። በብሎንና በዳዶ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ግን እጅግ ጠባብ ነው። ዝገቱ እዚያው ገብቶ ያብጣል፤ መውጫ የለውም።

በባቲ በኩል ከኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ የአዋሽና የጋላፊን አስፋልት የሚያገኘው እዚህ ስለሆነ፣ ሚሌ የጎሚስታ ሥራ አያጣም። ሥራውን የጉልበት ሥራ የሚሉት ብዙ ናቸው። እኔ ግን አጠገቡ ቆሜ ያየሁት ሰው ጉልበቱን የሚቆጥብ ሰው ነው። ቀን የሲኖትራክ ጎማ ይፈታል፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከሱቁ ጀርባ ወዳቆማት አሮጌ ፊያት ኤንትሬ ይሄዳል። ማንም አይከፍለውም፤ ብሎን በብሎን ፈትቶ ሊያስነሣት ነው የሚፈልገው።

መጀመሪያ ያጸዳል። ከዳዶው አልፎ የወጣውን የብሎን ጥርስ እስኪያበራ ድረስ በሽቦ ብሩሽ ይፍቃል። ይህን የዘለለ ሰው የሚጸጸተው ዳዶው ሁለት ዙር ከተፈታ በኋላ፣ ከፊቱ ያለውን ዝገት ሲነክስ ነው። ቀጥሎ ናፍጣና ስስ ዘይት ቀላቅሎ ያንጠባጥብና ያሳድረዋል። አንዳንዱ በቆርቆሮ የሚሸጠውን ደብሊው ዲ 40 ይረጫል፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ ሳንዲያጎ ሲቀመም የታሰበው ዳዶ ለማላቀቅ ሳይሆን የአትላስን ሚሳይል ከውሃና ከዝገት ለመጠበቅ ነበር። ናፍጣም ይሁን ቆርቆሮ ዋናው ጊዜ ነው። ፈሳሹ በጠባቡ ክፍተት በራሱ ይሳባል እንጂ ስለቸኮሉ አይገባም። ሰውየው በመሐል መዶሻውን አንሥቶ የዳዶውን ጎኖች ይነካካል፤ ደብድቦት አያውቅም። ንዝረቱ የዝገቱን ቅርፊት ይሰነጥቃል፣ ዘይቱም በስንጥቁ ይወርዳል።

የከባድ መኪና የጎማ ዳዶ ብዙ ጊዜ ወደ 600 ኒውተን ሜትር ይታሰራል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ እንደ መቆም ማለት ነው። የዛገው ከዚህም በላይ ይጠይቃል። ቱቦ ያስረዘመ ሁሉ ጉልበቱን ያገኛል፤ አስቸጋሪው ያ ጉልበት ዳዶውን እየፈታ ይሁን ብሎኑን እየጠመዘዘ መለየቱ ነው። እዚህ ላይ የዚህን ሰው መዳፍ አደንቃለሁ። ሊፈታ ሲል በመጀመሪያ በጣም ትንሽ ያጠብቃል፤ ዝገቱ በሁለቱም አቅጣጫ እንዲሰበር። ከዚያ ይስባል። የሚለቅ ዳዶ ደርቆ ቆይቶ ድንገት «ጧ» ይላል። ሊበጠስ የተቃረበ ብሎን ግን ድምፅ የለውም፤ እንደ ማስቲካ እየለሰለሰ ይመጣል። ያ ልስላሴ መዳፉ ላይ ሲደርስ ወዲያው ያቆማል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ዘይት ይጨምራል፣ እንደገና ጥቂት ይስባል። አቅጣጫውንም አስቀድሞ ያያል፤ በብዙ አሮጌ ከባድ መኪኖች የግራ ጎማ ዳዶ በተቃራኒው ስለሚፈታ፣ ያላወቀ ጉልበተኛ የሚፈታ መስሎት እያጠበቀ ይበጥሰዋል።

እንቢ ካለ እሳት ይመጣል። ሚሌ ላይ ቀትር ብረት በእጅ አይያዝም፤ ሆኖም ፀሐይ ዳዶውንም ብሎኑንም እኩል ስለምታሞቅ አንዱ ከሌላው አይላቀቅም። የሚያላቅቃቸው የሙቀት ልዩነት ነው። ናፍጣውን በደንብ ጠርጎ የጋዙን ነበልባል ዳዶው ላይ ብቻ ያዞራል፤ የብሎኑን ጫፍ አያስነካውም። 22 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ዳዶ ከብሎኑ 300 ዲግሪ በልጦ ቢሞቅ ቀዳዳው የሚሰፋው 0.08 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዓይን አያየውም፣ ዝገቱን ለማፍረክረክ ግን ይበቃል። ብረቱ ምን ያህል እንደጋለ የሚያውቀው በቀለሙ ነው፤ መጀመሪያ የገለባ ቀለም፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ከዚያ ደብዛዛ ቅላት። ደብዛዛው ቅላት በሚሌ የቀትር ብርሃን ጨርሶ አይታይም። ምሽቱን የሚጠብቀው ለሱ ነው። እሳቱን አንሥቶ ዳዶው ትንሽ በረድ ሲል ሻማ ያስነካዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ወደ ጥርሶቹ ይሰምጣል።

ከወጣ በኋላም አልጨረሰም። ዳዶውን ከውስጥ ይቦርሻል፣ ግሪስ ይቀባል፣ ያለ ቁልፍ በሁለት ጣቱ ወደ ብሎኑ ይመልሰዋል። በጣት እስከ ሥሩ ከሄደለት ተፈታ ይለዋል። መሐል ላይ ከያዘ አውጥቶ እንደገና ይቦርሻል።