ጃጓርን ከሆዱ በኩል ማየት

አሮጌ ጃጓር ኤክስ ጄ 6 ሊገዛ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ በሩን ይከፍታል። የወንበሩን ቆዳ ይዳስሳል፣ የዋልነት እንጨቱን ዳሽቦርድ ያንኳኳል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ቆዳውንስ ሰፊ ያድሰዋል፣ እንጨቱንም አናጺ። የመኪናው ዋና ሥራ ያለው ከኋለኛው ወንበር ሥር ስለሆነ ክሪክ ይዛችሁ ሂዱ። ውስጡን ለቄስ ማለት እዚህ አይሠራም።

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1968 ከኮቨንትሪ ሲወጣ መልኩን ያወጣለት የኩባንያው መሥራች ሰር ዊልያም ላይንስ ነበር። ላይንስ መሐንዲስ አልነበረም፤ የሚያምነው ዓይኑን ነው። ጸጥታውን የሰጠው ግን መሐንዲሱ ቦብ ናይት ነው፤ የናይት ጥበብ ደግሞ ላስቲክ ላይ ነበር። ከኋላ በኩል ዲፈረንሻሉ፣ የፍሬን ዲስኮቹና አራቱ ሞላዎች በአንድ የብረት ማቀፊያ ውስጥ ታስረዋል። ማቀፊያው ከቦዲው ጋር ብረት ለብረት አይገናኝም፤ በአራት ላስቲኮች ተንጠልጥሏል። የመንገዱ ጩኸት እዚያ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ራሱ የላይኛውን ክንድ ሥራ ደርቦ ይሠራል። ዲስኮቹም ከጎማው ርቀው ዲፈረንሻሉ አጠገብ ስለተቀመጡ ጎማው ቀላል ነው፤ ጉድጓድ ሲገባ ቶሎ ይመለሳል።

ታዲያ ብልሃቱ ዕዳም አለው። የዲፈረንሻሉ ዘይት ካፈተለከ ዲስኩ ላይ ይፈሳል፤ ለመጠገን ብዙ ጊዜ ማቀፊያውን በሙሉ ማውረድ ግድ ነው። እጅ የማይደርስበትን የእጅ ፍሬንም ሰነፍ መካኒክ አይነካውም። ስለዚህ ዳገት ላይ አቁማችሁ የእጅ ፍሬኑን ሳቡት፤ የቀደመውን መካኒክ ትዕግሥት ከዚህ በላይ የሚናገር የለም። ቀጥሎ እየነዳችሁ ነዳጅ ልቀቁና መልሳችሁ ስጡ። ከኋላ «ዷ» ካለ ላስቲኩ ሞቷል ወይም ክሮቸራው ላልቷል።

ሞተሩ እ.ኤ.አ. በ1948 የታየው ኤክስኬ ነው፤ እዚህ 4.2 ሊትር ሆኗል (ታናሹ 2.8 ነው)። ሞኖብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ባዶ የቧንቧ ውኃ ሲጠጣ የኖረ ከሆነ ቴስታታው ከውስጥ ይበላል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ራዲያተሩን ከፍታችሁ ቀለሙን እዩ። ካምሻፍቶቹን የሚያዞሩት ሰንሰለቶች ሁለት ናቸው። የላይኛው ቢንኳኳ ይስተካከላል፤ የታችኛው ከሆነ ግን የሞተሩ ፊት መፈታቱ ነው። ሲሞቅ በ3000 ዙር የዘይት ግፊቱ 40 ፒኤስአይ አካባቢ መሆን አለበት፣ ጌጁ ራሱ ካልዋሸ።

የነዳጅ ታንኮቹም ሁለት ናቸው፤ ግራና ቀኝ በኋለኞቹ ክንፎች ውስጥ ተደብቀዋል። ሻጩ «የግራው አይሠራም፣ አንዱም ይበቃል» ካላችሁ ስለ ዋጋ ከማውራታችሁ በፊት ከዚያ ክንፍ ሥር ባትሪ አብርታችሁ ተንበርከኩ። ዝገቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።