መስማማት ከመሰማማት ይወለዳል
(ስለ ሚልስ ወንድማማች ዘፋኞች)

«ተስማማ» የሚለው ግሥ ከ«ሰማ» የወጣ መሆኑን በየቀኑ እየተናገርነው በየቀኑ እንዘነጋዋለን። ሁለት ሰዎች ተስማሙ ስንል አሳባቸው ተገናኘ ማለታችን ነው፤ ከዚያ አስቀድሞ ጆሯቸው አንዱ ለሌላው መከፈቱን አናስበውም። የቃሉ ሥር ግን ሥርዐቱን ያስተምራል፤ መጀመሪያ መሰማማት፣ ከዚያ በኋላ መስማማት። ይህን የሚያህል የዜማ ትምህርት በገዛ ቋንቋችን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ እኛ ልብ ለማለት ከሩቅ አገር የተነሡ የአራት ወንድማማች ድምፅ አስፈለገን። ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ለማስረዳት ግን አስቀድመን የራሳችንን ጥፋት መናገር ይገባናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በደብረ ታቦር በተደረገ አንድ የተማሪዎች የዘፈን ውድድር ላይ ከዳኞቹ አንዱ ነበርን። በዚያ ቀን ከአንድ ቤት የወጡ ሦስት ልጆች፣ ሁለት ወንድማማችና አንዲት እህታቸው፣ ቀርበው የአገር ዘፈን በአንድ ዜማ ዘፈኑ። ታላቁ ይጀምራል፣ እህቱ ትቀበለዋለች፣ ትንሹም ከኋላ ይገባል፤ ድምፃቸው እንደ ድርና ማግ የተያያዘ ስለ ነበረ የአንዱ የት እንዳበቃ፣ የሌላው ከየት እንደ ጀመረ ለመለየት ያስቸግር ነበር። እኛ ግን ዐዋቂ መስለን ለመታየት ፈልገን፣ «መልካም ነው፤ ዘመናዊ እንዲሆን ግን በሦስት ልዩ ልዩ ድምፅ ከፍላችሁ ዝፈኑት» ብለን መከርን።

በማግሥቱ ዓመት ልጆቹ ምክራችንን ፈጽመው መጡ። አንዱ ከላይ፣ አንዷ ከመካከል፣ አንዱ ከታች ያዙ፤ ከተሰጠውም ድምፅ የወጣ አልነበረም። ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱን እንዳይጥል ሲጠነቀቅ የሌላውን መስማት ተወ። ትንሹ ልጅ የወንድሙ ድምፅ እንዳያስተው አንድ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ ይዘፍን ነበር። ዘፈኑ ስሕተት አልነበረበትም፤ ሕይወትም አልነበረበትም። ሽልማቱ ለሌሎች ሆነ፤ እኛም ምክንያቱን ሳናውቀው ወደ ቤታችን ሄድን።

ምክንያቱን ያገኘነው ባለፈው ክረምት ነው። አንድ መምህር ወዳጃችን ለቡና ጠርቶን፣ የጉና ብርድ በሩን ሲያንኳኳ እኛ በምድጃው ዙሪያ ተሰብስበን ሳለን፣ ከስልኩ የድሮ የአሜሪካ ዘፈን አሰማን። ዘፋኞቹ ሚልስ ወንድማማች የሚባሉት ነበሩ። ከእኛ ጋር በቤተልሔም ድጓ ያስመሰከሩ አንድ መሪጌታ ተቀምጠው ነበር፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡና፣ «ጆሮዬ መሪውን ፈለገ፤ አጣው። አራቱ አራት መንገድ ይሄዳሉ፤ ነገር ግን አንዱም አልጠፋም። ይህ የሚሆነው በጣም ሲሰማሙ ነው» አሉ። መሪጌታው የፈረንጅ ሙዚቃ ያልተማሩ ሲሆኑ፣ ብዙ የተጻፈበትን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት።

የመሪጌታው ጆሮ መሪ መፈለጉ ያለ ምክንያት አይደለም። የደቡብ ጎንደር ደጋ የዜማ አገር ነው። ድጓ የሚመሰከርበት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባ፣ በራሱ የዜማ ስልት የሚታወቀው ቆማ ፋሲለደስ የሚገኙት በዚሁ ምድር ነው። በነዚህ ቤቶች ያደገ ጆሮ የሚያውቀው አንዲቱን ዜማ ብዙ ሰው አንድ ሆኖ ሲያነሣት ነው። ካህናቱ ግራና ቀኝ በሁለት ወገን ቆመው፣ በመቋሚያው፣ በጸናጽሉና በከበሮው እየተረዱ ይቀባበላሉ እንጂ ዜማዋን በአራት አይካፈሏትም። አዝማሪም ቢሆን ማሲንቆው የራሱን ድምፅ ይከተልለታል። ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር በዓል «ሆያ ሆዬ» እያሉ የሚዞሩት ልጆችም አንዱ ያወርዳል፣ የቀሩት ይቀበላሉ። እንግዲህ በአራት ድምፅ ተከፍሎ መዝፈን ለዚህ ጆሮ እንግዳ ነው። እንግዳ መሆኑ ግን ለመናቅም፣ ሳያውቁ ለመቅዳትም ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ ከየት እንደ መጣ መመርመር ይሻላል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጆን ታናሹ፣ ሐርበርት፣ ሐሪና ዶናልድ ሚልስ ከ1910 እስከ 1915 ባሉት ዓመታት ውስጥ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ፒኳ በምትባል ከተማ የተወለዱ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። አባታቸው ጆን ሚልስ ጠጉር አስተካካይ ነበሩ። በዚያ ዘመን በጥቁር አሜሪካውያን ሠፈር የጠጉር ማስተካከያ ቤት ተራ መጠበቂያ ብቻ አልነበረም፤ ሰዎች ወንበር እስኪለቀቅላቸው ድረስ አንዱ ዜማውን ይጀምራል፣ ሁለተኛው ከላይ፣ ሦስተኛው ከመካከል፣ አራተኛው ከታች እየያዙ ይዘፍናሉ። አባትየውም እንዲህ ካሉት ማኅበሮች በአንዱ ይዘፍኑ ነበር። ስለዚህ ልጆቹ ኅብረ ድምፅን ያገኙት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአባታቸው ምላጭና መቀስ ድምፅ ጋር ሰምተው ነው። ለእነርሱ በአራት ድምፅ መዝፈን፣ ለአንድ የጋይንት ቆሎ ተማሪ ዜማ መቀበል የሚያህል የቤት ነገር ነበር።

የሚያስደንቀው ሥራቸው እንዴት እንደ ጀመረ ሲነገር፣ በከተማቸው ውድድር ሊዘፍኑ በቀረቡ ጊዜ ሐሪ ካዙ የምትባለውን ትንሽ የአፍ መሣሪያውን ረስቶ በመምጣቱ፣ እጁን በአፉ ላይ ከድኖ የጥሩምባ ድምፅ አወጣ ይባላል። ከዚያ ወዲያ አራቱም ሥራውን ተካፈሉት፤ ሐሪ አንደኛ ጥሩምባ፣ ሐርበርት ሁለተኛ ጥሩምባ፣ ዶናልድ ትሮምቦን፣ ጆን ደግሞ ታላቁን ጥሩምባ፣ ቱባን፣ በጉሮሮው ተካው፤ ጊታርም የሚመታ እርሱ ነበር። በሲንሲናቲ ራዲዮ ከታወቁ በኋላ ወደ ኒው ዮርክ ሄደው በሲ.ቢ.ኤስ. ራዲዮ ዘፈኑ። ጥቁር ሰው በብዙ ሥፍራ ከነጭ ጋር በአንድ አዳራሽ እንዳይቀመጥ በሚከለከልበት ዘመን፣ በመላው አገር በሚሰማ ራዲዮ የራሳቸው ፕሮግራም ከነበራቸው ከመጀመሪያዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን መካከል ሆኑ። በ1931 «ታይገር ራግ» የተባለውን ሸክላ ሲያወጡ፣ ሰሚው በሳጥኑ ውስጥ የሙዚቃ ጓድ ያለ ስለ መሰለው፣ ከአንድ ጊታር በቀር ምንም መሣሪያ አለመኖሩን የሚገልጽ ማስታወቂያ በሸክላዎቻቸው ላይ ይታተም ነበር። በ1934 ደግሞ በለንደን በእንግሊዝ ንጉሥ ፊት ዘፈኑ።

በዚህ ላይ ቆም ብለን ከእኛ ጋር እናነጻጽር። አዝማሪያችን አንድ የፈረስ ጭራ ገመድ ያላት ማሲንቆ ይዞ እንጨቱንና ቆዳውን እንደ ሰው ያናግራል፤ ሚልስ ወንድማማች ግን ሰውን እንደ ናስ አስጮኹት። መንገዱ ተቃራኒ ነው፤ ጥበቡ ግን አንድ ነው፤ ድህነትን ወደ ባለጠግነት መለወጥ። ጓድ ለመቅጠር ገንዘብ የሌለው ቤት በአራት ጉሮሮ ጓድ ሆነ። ልብ ልንለው የሚገባው ደግሞ ይህ ነው፤ ሐሪ ጥሩምባውን ሲነፋ ሌሎቹ ዝቅ ይላሉ፣ እርሱ ሲያበቃ ዶናልድ ሳይጠራ ይገባል። ማንም በእጁ ምልክት አይሰጥም። እንዲህ ያለው ነገር በልምምድ ብቻ አይገኝም፤ በአንድ ጣሪያ ሥር አብሮ ከማደር፣ የወንድምን አተነፋፈስ ከሕፃንነት ጀምሮ ከማወቅ ይመጣል።

ይህ ቤት የተፈተነው በ1936 መጀመሪያ ነው። ከታች ሆኖ ሁሉን የሚሸከመው ታላቁ ወንድም ጆን ታሞ በ25 ዓመቱ ሞተ። የቀሩት ሦስቱ ሥራውን ሊተዉት አስበው ነበር፤ እናታቸው ግን አባትየው በልጃቸው ቦታ እንዲገቡ መከሩ ይባላል። ጊታሩን ለመምታት ሌላ ሰው ተቀጠረ፤ የታችኛውን ድምፅ ግን አባት ያዙት። በእኛ አገር ልጅ የአባቱን ቦታ ይወርሳል፤ አባት የልጁን ቦታ ሲወርስ ግን ልቅሶ ነው። ጆን ሚልስ ያንን ልቅሶ ሃያ ዓመት ያህል በየአዳራሹ ቆመው፣ እንደ ሟቹ ልጃቸው ከታች እየያዙ ዘፈኑት። ከዚያ በኋላ የወጡትን ሸክላዎች የሚሰማ ሰው፣ የታችኛው ድምፅ ጠለቅ ብሎ ሲገባ ይህን ቢያስብ አይሳሳትም። ድምፁን ያስተማሩ እርሳቸው ነበሩና ቦታው ባዶ ሆኖ አልተሰማም።

ከሁሉ የበለጠ ዝና ያገኙትም በዚህ ዘመን ነው። በ1942 የቀዱት «ፔፐር ዶል» በማግሥቱ ዓመት ለ12 ሳምንት በአሜሪካ አንደኛ ሆኖ ቆየ። የዘፈኑ ደራሲ ጆኒ ብላክ በ1915 ጽፎት በ1936 ስለ ሞተ ይህን ክብሩን አላየውም። ነገሩም የሰው ፍቅር የከዳው ጕልማሳ ማንም የማይቀማውን የወረቀት አሻንጉሊት ስለ መመኘቱ ነው። በ1952 ደግሞ ከጀርመናዊው ፓውል ሊንከ ዜማ የተወሰደው «ግሎው ወርም» አንደኛ ወጣላቸው።

ለወዳጅ ሲፈርዱም እውነቱን መናገር ይገባልና፣ በሁለት ነገር እንነቅፋቸዋለን። አንደኛው ስለ ቃሉ ነው። ሰምና ወርቅ እየፈለገ ላደገ ሰሚ፣ የወረቀቷ አሻንጉሊት ነገር ሰሙ ብቻ ነው፤ ቢቆፍሩት ወርቅ አይገኝበትም። የእኛ አዝማሪ በሁለት ስንኝ የሚያወጋውን ያህል ብዙዎቹ ዘፈኖቻቸው በሙሉ አያወጉም። ሁለተኛው ይበልጥ የሚያሳዝነው ነው። ዝናቸው በጨመረ ጊዜ ከበስተኋላቸው ታላላቅ የሙዚቃ ጓዶች ይሰለፉ ጀመር። «ግሎው ወርም»ን የሚሰማ ሰው ሐሪ በመዳፉ ይፈጥረው የነበረውን ሥራ እውነተኛው ናስ ሲሠራው ያገኛል፤ ድምፁ ሞላ፣ ድንቁ ጐደለ። አራት ሰዎች ዓለምን የሚሞሉት ሌላ ምንም በሌላቸው ጊዜ ነበር። ስለዚህ ለማወቅ የሚፈልግ አንባቢ በ1930ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ባለ አንድ ጊታር ሥራዎቻቸውን፣ ከዚያም ከ1937 ጀምሮ ከሉዊ አርምስትሮንግ ጋር የቀዱአቸውን አስቀድሞ ይስማ እንላለን።

የቀረው በአጭሩ ይነገራል። አባትየው ጡረታ ወጥተው በ1967 ዐረፉ፤ ሦስቱ ወንድማማች በ1968 «ካብ ድራይቨር» በተባለው ዘፈን እንደ ገና ተሰሙ። ሐሪ በ1982፣ ሐርበርት በ1989 ሞቱ፤ ዶናልድም ከገዛ ልጁ ጋር እስከ 1999 ዕለተ ሞቱ ድረስ ዘፈነ። ልጁም እንደ አጎቱና እንደ አያቱ ጆን ይባላል። ከጠጉር ማስተካከያው ቤት የተነሣው ዜማ እንዲህ ሦስት ትውልድ ቈጠረ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ኅብረ ድምፅን ከአገራችን ዜማ ጋር ማጋባት አዲስ አሳብ አይደለም። ነርሲስ ናልባንድያን የአገራችንን ቅኝቶች በኅብረ ዜማ ለማቀነባበር ዕድሜውን ሙሉ ደክሟል። ሥራው የሚከብድበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ስለ ሆኑ፣ የፈረንጁን ኅብረ ድምፅ በየሥፍራው እንትከል ብንል ቅኝቱ የሌለውን ድምፅ ከውጭ መበደር ግድ ይሆናል፤ ብድሩም ሲበዛ አንቺሆዬው አንቺሆዬ መሆኑ ይቀራል። ይህን የሚሞክር ቅኝቱን ጠንቅቆ የሚያውቅና ትዕግሥት ያለው ሊሆን ይገባዋል። እኛ ግን ያንን ሁሉ ሳናስተምር ሦስት ሕፃናትን «ከፍላችሁ ዝፈኑት» አልን። ከሚልስ ወንድማማች መወሰድ የነበረበት የድምፁ አከፋፈል ሳይሆን የጆሮው አከፋፈት ነበረ። እነርሱ ከአባታቸው ቤት የሰሙትን ይዘው ወጡ፤ እኛ ልጆቹን ከአባታቸው ቤት የሰሙትን አስጣልናቸው።

ስለዚህ በሚመጣው ውድድር አስቀድሞ ልጆቹን ቤታቸው ድረስ ሄደን ምክራችንን ለመመለስ ወስነናል። የዱሮውን ዘፈን እንደ ዱሮው፣ ታላቁ ጀምሮ፣ እህቱ ተቀብላ፣ ትንሹ ገብቶ እንዲዘፍኑት እንለምናቸዋለን። ከዚያ በኋላ ከመካከላቸው አንዱ፣ የሌሎቹን ድምፅ እየሰማ፣ ከላይ ወይም ከታች አዲስ መንገድ ቢያገኝ በደስታ እንቀበለዋለን፤ ያ መንገድ የራሳቸው ይሆናልና። ዘፈን ለሚያስተምሩ መምህራንም የምንለው ይህንኑ ነው፤ ተማሪው ጆሮውን በጣቱ ሲደፍን ባያችሁ ጊዜ ዘፈኑን አቁሙት፤ ጣቱን አስወርዱና ከመጀመሪያው ጀምሩ።