ቀሚሱን ከጎኑ እዩት

የሙሽራ ቀሚስ ሊመርጡ የሚመጡ ሰዎች ሁሉ ደረቱን ያያሉ። ሙሽራዋም፣ እናቷም፣ አክስቷም፣ ሚዜዎቿም። ከአንገቱ ወደ ታች የሚወርደውን ጥለት በጣታቸው ይዳስሳሉ፣ «ውይ ሲያምር!» ይላሉ፣ ስልክ አውጥተው ፎቶ ያነሳሉ፣ ከዚያ ዋጋ ይጠይቃሉ። እጅጌውን ከፍ አድርጎ ጎኑን የሚያይ የለም። እኔ ወልድያ ላይ የሰው ልብስ ስሰፋ የኖርሁ ሴት ነኝ፤ ይህን እያየሁ ዝም ማለት አቅቶኛል። ደረት ማንም ያሳምራል። መርፌ ከያዘ ገና ዓመት ያልሞላው ተለማማጅ እንኳ ደረት ያሳምራል፤ ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን ስለሆነ ሰፊውም የሚጠነቀቀው ለእሱ ነው።

መነሻ የሆነውን ነገር አልዘረዝርም። ጥለቱ በሸማኔ እጅ ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ ይሁን ከውጭ በማሽን ታትሞ የመጣ፣ ጨርቁን ገልብጦ ጀርባውን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ድሩ የፋብሪካ ክር ሆኖ ማጉ የእጅ ፈትል ይሁን ወይስ ሁለቱም የፋብሪካ፣ በሁለት ጣት አሽታ የማትለይ ልጅ ካለች አያቷን ይዛ ትምጣ። ስለ ቬሎም አልጽፍም። ቬሎ የኪራይ ነው፤ ተለብሶ በማግስቱ ይመለሳል። የመልስ ቀን የሚለበሰው የሐበሻ ቀሚስ ግን ይቀራል፤ ለጥምቀት ይወጣል፣ ለክርስትና ይወጣል፣ ለዒድ ይወጣል፣ ይታጠባል፣ ይሰጣል፣ እንደገና ይለበሳል። ስለዚህ መመዘን ያለበት ለአንድ ቀን ፎቶ በማማሩ አይደለም።

የምናገረው ስለ ጎን ስፌቱ ነው።

የሙሽራ ቀሚስ ታችኛውን ጠርዝ ጥለት ዙሪያውን ይዞረዋል። ሸማኔ ግን ዙሪያ አይሸምንም። ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አውርዶ ተቀምጦ የሚሸምነው ረጅም ግን ጠባብ ጨርቅ ነው፤ ስፋቱ መወርወሪያው ከአንድ እጁ ወደ ሌላው እጁ ከሚያልፍበት አይበልጥም። ስለዚህ የቀሚሱ የፊት ክፍልና የኋላ ክፍል ለየብቻ ተሸምነው ወደ ሰፊ ይመጣሉ፤ ጎን ላይ ይጋጠማሉ። በዚያ መጋጠሚያ ላይ መስመር ከመስመር፣ ቀዩ ከቀዩ፣ ወርቃማው ከወርቃማው፣ የመስቀሉ ክንድ ከጎረቤቱ ክንድ ጋር መገናኘት አለበት። የአንድ የጤፍ ፍሬ ያህል መዛነፍ አሳልፋለሁ። የስንዴ ፍሬ ያህል ከሆነ ግን ያ ቀሚስ የገበያ ቀሚስ ነው እንጂ የሙሽራ አይደለም። ይህን ስል ደንበኞቼ አበዛሽው ይሉኛል። አላበዛሁትም።

ምክንያቱም ጥለት በጎን የማይገናኘው እንዲሁ አይደለም። ሸማኔ አንድ ማግ ባሳለፈ ቁጥር ይጠቀጥቀዋል። ጠዋት ክንዱ ብርቱ ነው፣ ማጉ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ሲመሽ ክንዱ ይዝላል፣ ማጉ ይላላል። የማጉ ቁጥር እኩል ሆኖ ሳለ የጠዋቱ ጥለት አጭር፣ የማታው ረጅም ሆኖ ይወጣል። ፈትሉ ከሁለት ፈታዮች የመጣ ከሆነም እንደዚያው፤ የአንዷ ቀጭን፣ የሌላዋ ወፈር ያለ ነው። ከሁሉም የከፋው ግን ሥራው ሲጣደፍ ነው። ነጋዴው የፊቱን ክፍል ለአንድ ሸማኔ፣ የኋላውን ለሌላ ሸማኔ ይሰጣል። ሁለቱም ጎበዞች ሊሆኑ ይችላሉ። የሁለት ሰው ክንድ ግን አንድ ዓይነት አይጠቀጥቅም። ስለዚህ ጎኑ ላይ ያያችሁት መዛነፍ ስለዚያች ስንዝር ብቻ አይነግራችሁም፤ ቀሚሱ መቼ እንደታዘዘ፣ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ፣ ሰፊው ጨርቁን ሲቀበል ለክቶት እንደሆነና እንዳልሆነ ይነግራችኋል። ጎኑን ያልተጠነቀቀ ሰፊ ገበሩንም አልተጠነቀቀም፣ የብብቱን ስፌትም አልደገመም። ተሳስቼ አላውቅም፤ ጎኑ የተዛነፈ ቀሚስ ስተረትር ውስጡ ሁልጊዜ ሌላ ጉድ አገኛለሁ።

መሸፈኛዎቹንም እወቋቸው። አንዱ ጎኑ ላይ ከላይ እስከ ታች ሪቫን መስፋት ነው፤ «ዲዛይን ነው» ይሏችኋል። ሌላው ጎኑን ሸንሽኖ መጋጠሚያውን በሽንሽኑ ውስጥ መደበቅ ነው። ሦስተኛው ዶቃ ነው። ሪቫንና ዶቃ በራሳቸው አይከፉም፤ በሌላ ቦታ ሳይኖሩ ጎን ላይ ብቻ ከታዩ ግን መክደኛ ናቸው። ክዳኑን አንሡልኝ በሉ። ሻጩ ካኮረፈ ቀሚሱን መልሳችሁ ስጡትና ውጡ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚብሰውና ጎበዝ ገዢን የሚያታልለው ግን ተጎትቶ የተገናኘው ነው። ሰፊው አጭሩን ክፍል እየሳበ፣ ረጅሙን እየሰበሰበ ይሰፋዋል። ስታዩት ገጥሟል። ይህን ለመለየት ሁለት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ የጥለቱን የታችኛውን መስመር ሳይሆን የላይኛውን መስመር እዩ፤ አጭበርባሪ ሁሉ ታችኛውን ያገጥምና ላይኛውን ይተወዋል፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያየው ጠርዙን ስለሆነ። ቀጥሎ የጎኑን ስፌት ከብብቱ በኩል በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀሚሱን አንጠልጥሉት። በሐቅ የተሰፋ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የተጎተተው ስፌቱ ላይ ይኮማተራል፣ ጠርዙም ወደ አንድ ጎን ይዞራል። ገና ውኃ ሲነካው ደግሞ ይብሳል። የእጅ ፈትል ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ላላ ብሎ የተሸመነው ይበልጥ፣ ጥብቅ ያለው ያነሰ። የሚያብረቀርቀው ሳባ ክር እንደ ጥጡ አይሰበሰብም። ስለዚህ በሠርጉ ቀን የተገናኘ የመሰለው ጥለት ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ተለያይቶ ታገኙታላችሁ። ያን ጊዜ ሙሽራዋ ሳሙናውን ትወቅሳለች።

መርሳ አጠገብ አያ የምንላቸው አንድ ሸማኔ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሥራቸውን አይቼ ነው ዓይኔ የከፋው። የሙሽራ ሥራ ሲይዙ ፊቱንም ኋላውንም በአንድ ድር ላይ ተከታትለው ይሸምኑ ነበር፤ ድሩ ሳይቆረጥ፣ ማጉ ከአንዲት ፈታይ ልቃቂት። የመጀመሪያው ጥለት ሲያልቅ አንዲት ስንደዶ በልኩ ቆርጠው ጆሯቸው ላይ ይሰኩና ሁለተኛው ጥለት ላይ ሲደርሱ በየጥቂቱ አውርደው ይለኩበታል። ከዐስር ሶላት በኋላ ጥለት አይነኩም። ነጩን ሜዳ ይሸምናሉ፣ ጥለት ግን ለጠዋት ይቆያል። ሌላ ሰው ጉድጓዳቸው ውስጥ ገብቶ አንዲት ማግ እንኳ እንዲያሳልፍ አይፈቅዱም ነበር፤ ልጃቸውም ቢሆን። አንድ ነጋዴ አጣድፏቸው የኋላውን ክፍል ለሌላ ልስጥ ቢላቸው ድሩን እንዳለ ጠቅልለው መለሱለት፤ ቀብዱንም ጨምረው። ዛሬ እንዲህ ያለ ሸማኔ የለም አልልም፤ አለ። ግን ገዢው ጎኑን የማያይ ከሆነ ስንደዶ መቁረጡ ለማን ብሎ ነው?

መስፋት ያስተማሩኝ እትዬም ከዚያው ዘመን ናቸው። ዛሬ ተለማማጆች ጎን ሲሰፉ ከብብት ጀምረው ወደ ታች ያወርዱታል፤ መኪናው ላይ እንዲያ ይቀላል። ትርፉና ጉድለቱ ሁሉ ጥለቱ ላይ ይደርሳል። እትዬ ከታች ነበር የሚጀምሩት። ጥለቱን መስመር በመስመር በመርፌ ይወሰውሱታል፣ ቀና ብለው ከሩቅ ያዩታል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይሰፋሉ፤ ትርፍ ካለ ብብት ላይ ይቀራል፣ እዚያ እጅጌው ይሸፍነዋል። ከላይ ጀምሬ ስሰፋ ያገኙኝ ቀን መኪናውን በእጃቸው አቁመው ስፌቱን ያለ አንድ ቃል ተረተሩት። እኔም ዛሬ ለያዝኋቸው ልጆች ይህን ሕግ አድርጌዋለሁ፤ ስፌት ከጥለት ይጀምራል። ይህን የማትቀበል ልጅ ቁልፍ ትትከል።

አሁን ወደ ወቅቱ ልምጣ፤ የጎኑ ጉዳይ ከቀን መቁጠሪያ ጋር የተያያዘ ነውና። በእኛ አገር ክርስቲያኑ የሚዳረው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው። የነቢያት ጾም እስከ ገና ይዟል፤ ከዚያ እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ ደግሞ በየዓመቱ ይሰፋል፣ ይጠባል። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀድሞ አይገባም፣ ከመጋቢት 5 አያልፍም፤ ነነዌም ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው መካከል ትወድቃለች። ስለዚህ ገና ዓመቱ ሲብት፣ መስከረም ላይ፣ ባሕረ ሐሳቡን የሚያውቅ ሰው ጠይቃችሁ ቀናችሁን ቁረጡ። እስላሙ ደግሞ በጨረቃ ስለሚሄድ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ይቀድማል፤ የሠርጉ ወቅትም አብሮት ይዞራል። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት። እንደ ወልድያ፣ እንደ መርሳ፣ እንደ ሐራ ክርስቲያንና እስላም አብሮ በሚኖርበት፣ አንዱ በሌላው ሠርግ ዳስ በሚጥልበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሰፊ ያውቀዋል። የሁለቱም ሙሽሮች ሁሉ ከጾሙ በፊት ይዳራሉ፤ ሸማኔው ግን ያው አንድ ሸማኔ ነው።

በታህሳስ መጥታ ለጥር ቀሚስ የምታዝ ልጅ ስለዚህ ሁለት ሸማኔ የነካው ጨርቅ ነው የምትለብሰው። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ብትወርድም አይቀየርም፤ የዶርዜ ሸማኔም በጥር እንደ ማንም ይጣደፋል። የጥር ሙሽራ በጥቅምት ትዘዝ፤ የሚያዝያዋ ከገና በፊት። ሸማኔውን «ፊትና ኋላው በአንድ ድር ይሁን» በሉት፤ ይህን ስትሉት ዓይኑ ይለወጣል፣ የምታውቁ መሆናችሁን ያውቃል። ትንሽ ይጨምርባችኋል። ጨምሩለት። ለድንኳን ማስጌጫ የምታወጡትን አስቡና ጨምሩለት።

ጥለት በጎን ይገናኝ የሚለውን ሕጌን ያላስከበርሁት በአንድ ወቅት ብቻ ነው። የሰሜኑ ጦርነት ወልድያን ከነሐሴ 2013 እስከ ታህሳስ 2014 ዓ.ም. ይዟት ነበር። ከዚያ በኋላ በመጣው ጥር የተዳሩ ልጆች ነበሩ። ድር የተበጠሰበት፣ መኪና የተወሰደበት፣ ልቃቂት የጠፋበት ጊዜ ነው። ከሦስት ቤት የተሰበሰበ ጨርቅ ይዘው መጡ፤ ጥለቱ በአንደኛው ጎን ቀይ፣ በሌላው አረንጓዴ ነበር። ሰፋሁት። ማንም ስለ እነዚያ ቀሚሶች ክፉ እንዲናገር አልፈቅድም።

ስለ ቀለም ብዙ የምለው የለኝም፤ ለጥር ወርቃማና ደማቅ ቀይ፣ ከፋሲካ በኋላ ላለው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ይስማማል። ስለ ጨርቁ ግን አስቡ። ላስታ ላይ በጥር ብርድ የሚዳሩት ወፍራም ፈትል ይችላሉ። በሐራና በሀብሩ ቆላ በግንቦት የምትዳር ልጅ ወፍራም ፈትል ላይ የናይለን ገበር ከደረበች ዳስ ውስጥ ትታመማለች። ለእሷ ሳሳ ያለ መነን፣ ገበሩም ነጭ ጥጥ ይሁን። በጥር አቧራ አለ፤ ጠርዙ መሬት እንዳይጠርግ ሁለት ጣት ከፍ ይበል።

በሚያዝያና በግንቦት ደግሞ በልጉ አለ። ከሰዓት በኋላ ይዘንባል፣ ከመኪና ወርዳችሁ ዳስ እስክትገቡ ጭቃ ነው። ነጭ ጠርዝ ይታጠባል፤ ጥለት ላይ የገባ ጭቃ ግን ክሮቹ መካከል ይቀራል። ስለዚህ ለዚያ ወቅት የምታዙ ጥለቱ ከታችኛው ጠርዝ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ከሥሩ ነጭ ሜዳ ቀርቶለት እንዲሸመን ገና ድሩ ሳይዘረጋ ለሸማኔው ንገሩት። በሁለቱም ክፍል ላይ እኩል አራት ጣት መሆን አለበት፤ በስንደዶ ይለካው። ተሸምኖ ካለቀ በኋላ ወደ እኔ ብታመጡት ከፍ ላደርገው አልችልም።